በሳንቲሟ ላይ ያለው መልክ የማን ነው?

ብርቅ ነገር ለምን ውድ ይሆናል? በጦርነት ዘመን የተቀረጹ የወርቅ ሳንቲሞችን የሚሰበስቡ ሰዎች መልስ አላቸው፦ «ሳንቲሙ ጥቂት፣ ፈላጊው ብዙ ስለሆነ።» መልሱ ትክክል ነው። ሙሉ ነው ወይ? ውድ ወጣቶች፣ እስቲ አንዲት ሳንቲም ይዘን እንመርምር።

በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት፣ ዳሎኔጋ በምትባል ከተማ፣ የመንግሥት የሳንቲም መቅረጫ ቤት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1861 የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲጀመር ተገንጣዮቹ ደቡቦች ያዙት፤ በእጃቸው በገባው ወርቅም ጥቂት የአንድ ዶላር ሳንቲሞች ቀረጹ። ስንት እንደቀረጹ በመዝገብ አልሰፈረም። ሳንቲሟ ከ2 ግራም በታች ትመዝናለች፤ ዛሬ ግን በጨረታ በአሥር ሺዎች በሚቆጠር ዶላር ትሸጣለች። ሰብሳቢዎች በማጉያ መነጽር ያጠኗታል። «ዩናይትድ» የሚለው ቃል የመጀመሪያ ፊደል ደብዝዞ ሲያዩ ደስ ይላቸዋል፤ የሳንቲሟ አንዱ መለያ ነውና።

ማጉያው የማያሳየውም አለ። ወርቁ የተቆፈረበት ምድር የቼሮኪ ሕዝብ ነበር። የከተማዋ ስም እንኳ «ቢጫ» ከሚል የቼሮኪ ቃል የመጣ ነው። ወርቅ መኖሩ ከታወቀ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1832፣ ጆርጂያ መሬታቸውን ለነጮች በዕጣ አከፋፈለች። በ1838 ወታደሮች ከየቤታቸው አስወጥተው ወደ ምዕራብ ነዷቸው፤ በማጎሪያና በመንገድ በሺዎች የሚቆጠሩ ሞቱ። መቅረጫ ቤቱ ሥራ የጀመረውም በዚያው ዓመት ነው። በአካባቢው ወርቅ ይቆፍሩ ከነበሩት መካከል በባርነት የተያዙ ጥቁሮች ነበሩ።

አሁን የሳንቲሟን ፊት ተመልከቱ። የላባ ዘውድ የደፋች ሴት ትታያለች፤ ዘውዷ ላይ በእንግሊዝኛ «ነጻነት» ተብሎ ተጽፏል። የአገሬው ተወላጆች ከምድራቸው ሲባረሩ ላባቸው ለጌጥ ቀረ። ባርነትን ለማቆየት የተገነጠለው ወገንም «ነጻነት» የሚለውን ቃል በወርቅ ላይ አተመ።

«ታዲያ ወርቁ ምን አጠፋ? የዛሬው ሰብሳቢስ ማንን በደለ?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ሳንቲም መሰብሰብ ኃጢአት አይደለም። ብንጥላት የተበደለው አይካስም። እንዲያውም ሰብሳቢ ባይጠብቃት ኖሮ ቀልጣ በጠፋች ነበር፤ ምስክርነቷም አብሮ። አደጋው ሌላ ነው። ዋጋን ሁሉ በመብዛትና በማነስ መመዘን የለመደ ዓይን፣ ቀስ በቀስ ሰውንም እንደዚያው ይመዝናል። ጆርጂያ ውስጥ ወርቁ ብርቅ ሲሆን ሰዎቹ ርካሽ ሆኑ።

ጌታችን ስለ ግብር በጠየቁት ጊዜ ዲናር አስመጣ፤ የጠየቃቸውም በላዩ ስላለው መልክ ነበር። የቄሣር መልክ ያለበት ለቄሣር ከሆነ፣ የእግዚአብሔር መልክ ያለበትስ የማን ነው? ያ መልክ ከቤቷ በተባረረችው የቼሮኪ እናት ላይ፣ ጉድጓድ ውስጥ በሚቆፍረው ባሪያም ላይ ነበር። እርሱን ለማየት ማጉያ አያስፈልግም ነበር።

እንግዲህ ብርቅ ነገር የሚወድ ወጣት ይሰብስብ። «ስንት ያወጣል?» ብሎ ሲጠይቅ ግን «እጄ እስኪገባ ድረስ ማን ምን ከፈለ?» ብሎም ይጠይቅ። ያገኘውን መልስ ጽፎ ከሳንቲሙ ጋር ያስቀምጥ፤ ሳንቲሙን ለሰው ሲያሳይም ጽሑፉን አብሮ ያስነብብ።