ያለ ዱላ መገዛት

ሰው በጉልበት ሲገዛ በደሉ የገዢው ነው። ለመሆኑ ወዶና ተስማምቶ ሲገዛስ ተጠያቂው ማን ነው? ይህን ጥያቄ አጥብቀው ከመረመሩት አንዱ በሙሶሊኒ ወህኒ ቤት የማቀቀው ኢጣሊያዊ አንቶኒዮ ግራምሺ ነው። የሰውየውን ኮሙኒስትነት አልጋራም። ጥያቄው ግን የሁላችንም ነው እላለሁ።

ግራምሺ በ1891 (ዘመኖቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በሰርዲኒያ ደሴት ተወለደ። ከልጅነቱ ጀምሮ ጀርባው የጎበጠ፣ ጤና የራቀው ሰው ነበር። በ1921 የኢጣሊያን ኮሙኒስት ፓርቲ ከመሠረቱት አንዱ ሆነ፤ በ1924 ለፓርላማ ተመረጠ። ይሁን እንጂ ያለመከሰስ መብቱ አላዳነውም። በ1926 ተያዘ፤ በ1928 ከ20 ዓመት በላይ እስራት ተፈረደበት። ከ1929 ጀምሮ በእስር ላይ ሳለ ከ30 የሚበልጡ ደብተሮችን በጽሑፍ ሞላ። የሞተው በ1937 ነው፤ በአዲስ አበባ የየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ ከተፈጸመ ሁለት ወር አለፍ ብሎ። እርሱን ያሰረውና ወገኖቻችንን የጨፈጨፈው ያው አንድ አገዛዝ ነበር።

የሐሳቡ ፍሬ ነገር እንዲህ ነው። አገዛዝ በፖሊስና በወህኒ ቤት ብቻ አይቆምም። በትምህርት ቤት፣ በጋዜጣ፣ በሃይማኖት ተቋምና በመዝናኛ በኩል የገዢዎች አመለካከት ቀስ በቀስ የሁሉም ሰው “የታወቀ ነገር” ይሆናል። ተገዢው “ዓለም ድሮም እንዲህ ናት” ብሎ ካመነ ዱላው ከበር ጀርባ ሊቀመጥ ይችላል።

ኃይልና ማባበል የአንድ እጅ መዳፍና ጀርባ ለመሆናቸው ሊቢያ ምስክር ናት። ፋሽስቶች ዑመር አል-ሙኽታርን በ1931 ሰቀሉ፤ የምሥራቅ ሊቢያን ሕዝብ በአሥር ሺዎች እየነዱ በበረሃ ካምፖች አጎሩ። ከስድስት ዓመት በኋላ በ1937 ሙሶሊኒ ትሪፖሊ ላይ “የእስልምና ሰይፍ” የተባለ ሰይፍ ተቀብሎ የሙስሊሞች ጠባቂ ነኝ አለ። በአገራችንም መስጊድ በማሠራትና ሐጃጆችን በመርዳት ልብ ለመግዛት ሞክረዋል።

የግራምሺ ደብተሮች ከሞቱ በኋላ ዓለምን ዞሩ። ፍልስጤማዊው ኤድዋርድ ሰዒድ በ1978 ባሳተመው “ኦሪየንታሊዝም” ውስጥ፣ ምዕራባውያን ስለ ምሥራቁና ስለ እስልምና የጻፉት ለምን እንደ እውነት ጸንቶ እንደቆየ ሲያስረዳ የግራምሺን ሐሳብ ተጠቅሟል። በ1982 ራናጂት ጉሃና ባልደረቦቹ የሕንድን ታሪክ ከተረሳው ገበሬ በኩል ለመጻፍ ሲነሡ መጠሪያቸውን ከእርሱ ወሰዱ። የሚገርመው ግን በፈረንሳይ “አዲሱ ቀኝ” የተባሉት እነ አላን ደ ቤኗም፣ ባህሉን የያዘ ሥልጣኑን ይይዛል ብለው ከዚሁ ኮሙኒስት ትምህርት መቅሰማቸው ነው።

እንግዲህ ሐሳብ እንደ ቢላዋ ለያዘው ሁሉ ይቆርጣል ብለን እንለፈው? እኔ አልስማማም። ግራምሺ ሰው ሁሉ አሳቢ ነው ብሎም ጽፏል። ስልቱን ወስዶ ይህን የጣለ ሰው ግማሹን ብቻ ነው የተዋሰው። አድማጩን እንደ አሳቢ የሚያይ ሰው ማስረጃውን ያቀርባል፣ “አይሆንም” የሚባልበትንም መንገድ ክፍት ይተዋል። እንደ ከብት የሚያየው ግን እንዴት እንደሚነዳው ብቻ ያሰላል። ማሳመንና ማታለል የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው፤ አድራጊው ግራም ሆነ ቀኝ፣ የእኛ ወገንም ቢሆን።

“ከማለዳ እስከ ማታ ለእንጀራው የሚደክም፣ አንድ ዓይነት ወሬ ብቻ የሰማ ሰው እንዴት ይጠየቃል?” የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ተጠያቂነት እንደ አቅም ነው። ነገር ግን እኛ ፊደል የቆጠርን፣ ጋዜጣ ገዝተን የምናነብ ከተሜዎች በዚህ ልናመካኝ አንችልም። “ይህማ የታወቀ ነው” ብለን ለልጆቻችን የምናወርሰውን ነገር ማን ነገረን? በማመናችንስ የሚጠቀመው ማን ነው? ይህን ሳይጠይቅ የተስማማ ሰው፣ በስሙ በሚሠራው በደል ውስጥ ድርሻ አለው።

በጉልበት ከሚገዛን፣ ልባችንንም በሐሰት ከሚገዛ አላህ ይጠብቀን።