የሎሚ አረቄ ለምትዘፈዝፊው ልጄ

ልጄ፣ ለእህትሽ መልስ የሎሚ አረቄ በእጄ አዘጋጃለሁ ማለትሽን ሰምቼ ደስ አለኝ። የመደብሩ ሊኬር ዋጋው ተሰቅሏል፣ የቤት እጅም የለበትም። ብቻ “ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ” ይባል የለ? መጠጥ ሁሉ ወግ አለው። ወጉን ሳይዙ የጀመሩት መጠጥ ባለቤቱን ያሳፍራል፤ ሲከፋም ሰው ይጎዳል። ስለዚህ ሥራውን ከመጀመርሽ በፊት የምነግርሽን ስሚኝ።

መልሱ በጥር መጨረሻ ከሆነ ሥራሽ የሚጀምረው በገና ነው። ለገና ዶሮ የሚታጠበው በሎሚ ነው፤ በየቤቱ ያ ሁሉ ሎሚ ይጨመቅና ልጣጩ ይጣላል። አንቺ ሎሚው ለሁለት ከመቆረጡ በፊት ልጣጩን ውሰጂለት። ጭማቂው ለዶሮው አይጎድልበትም፣ ልጣጩም ከቆሻሻ ይተርፋል። ከታኅሣሥ 29 እስከ ጥር ማለቂያ አንድ ወር አለሽ። ሦስቱ ሳምንት ለመዘፍዘፍ፣ የቀረው ለማሳረፍ ነው። በአምስት ቀን አደርሰዋለሁ የሚል ሰው ቢመጣ አትስሚው፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

ሎሚ ደጋ አይወድም። ዳባትና ደባርቅ የገብስ አገር ነው፣ ውርጩ ሎሚ አያበቅልም። ለጎንደር ገበያ የሚሆነው ከቆላውና ከጣና ዳር የሚመጣው ነው። የዘጌ ሰው በሬ ጠምዶ ሳያርስ ከጥንት ጀምሮ በቡና፣ በጌሾና በሎሚ የኖረ ነው፤ የመጠጡ ጌሾና የመጠጡ ሎሚ በአንድ ጥላ ሥር መብቀላቸው ሁልጊዜ ይገርመኛል። ስትገዢ ቆዳው የተወጠረውን፣ የሚያብለጨልጨውን፣ ቢጫ መምሰል የጀመረውን ምረጪ። የተጨማደደው ሽታው ሄዷል። ትርንጎ ካገኘሽ ደግሞ እሰየው፣ ልጣጩ ወፍራምና መዓዛው ጥሩ ነው። ብርቱካንም ይሆናል። በጥምቀት ፋሲል መዋኛ አጠገብ የሚወራወሩት ሎሚ ግን ለደረት ነው፤ የተቀጠቀጠና አቧራ የነካው ለጠርሙስ አይሆንም።

ሎሚውን ለብ ባለ ውኃ እጠቢና አድርቂው። ከዚያ ስለታም ትንሽ ቢላ ይዘሽ የላይኛውን ቀለም ብቻ ላጪ። የዚህ ሥራ ልብ ያለው እዚህ ላይ ነው። የሎሚ መዓዛ ያለው በጭማቂው ሳይሆን በቆዳው ላይ በምታያቸው ጥቃቅን ነጠብጣቦች ውስጥ በተቋጠረው ዘይት ነው። ማየት ከፈለግሽ ከአረቄው ራቅ ብለሽ ጧፍ አብሪ፤ አንዱን ልጣጭ በሁለት ጣት አጥፈሽ ወደ ነበልባሉ ጨመቅ አድርጊው፣ ዘይቱ ተረጭቶ ብልጭ ብልጭ ይላል። ከሥሩ ያለው ነጩ ክፍል ግን ምሬት ብቻ ነው። የእኛ ሎሚ ቆዳው ስስ ስለሆነ ነጩን ሳይነኩ መላጥ ትዕግሥት ይጠይቃል። ላጥ አድርገሽ አይተሽው ከጀርባው ነጭ ከያዘ በቢላው ጠርዝ ፋቂው። አንዳንዱ በመፈቅፈቂያ ይፍቀዋል፤ ይፈጥናል፣ ነጩንም አብሮ ያወርዳል። አልመክርሽም።

ለ1 ሊትር አረቄ የ20 ሎሚ ልጣጭ ያዥ፤ ብርቱካን ከሆነ ስድስት ይበቃል። ለመልሱ 5 ሊትር ካሰብሽ 100 ሎሚ ልትልጪ ነው ማለት ነው። ብቻሽን አትቀመጪ። “ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ” የተባለው ለዚህ ቀን ይመስለኛል። የጎረቤት ልጆችን ጥሪ፣ ቡና አፍዪ፣ እየተጨዋወታችሁ ላጡ።

አሁን ወደ አረቄው እንምጣ፤ ከሁሉ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። የምትፈልጊው ዳግም ነው፣ ሁለት ጊዜ የወጣው። ተራው አረቄ ቀጠን ይላል፤ ዳግሙ ግን ግማሽ ለመሆን ትንሽ የቀረው አልኮል ነው፣ 45 በመቶ ገደማ። የሎሚ ዘይት በውኃ አይሟሟም፣ በብርቱ አልኮል ግን ይሟሟል። አረቄው ከቀጠነ ዘይቱ ከልጣጩ ጋር ይቀርና ውኃ ውኃ የሚል ነገር ታወጫለሽ።

ከማን ትገዣለሽ? በደንብ ከምታውቂያት ሴት ብቻ። ጌሾና ብቅሏን አዘጋጅታ፣ ዳጉሳዋን ወይም በቆሎዋን ጠንስሳ፣ ድፍድፉን ጥዳ፣ እንፋሎቱ በመቃ አልፎ በቀዝቃዛ ውኃ መካከል ባለው ዕቃ ሲጠራቀም አጠገቡ ተቀምጣ የምትጠብቅ ሴት ካወቅሽ እሷ ዘንድ ሂጂ። ደኅና ሙያተኛ መጀመሪያ ጠብ የሚለውን ጥቂቱን ለሰው አትሰጥም፤ አፍንጫ የሚወጋው፣ ራስ የሚያሳምመው ነገር እዚያ ላይ ይበዛል። መጨረሻ ላይ ቀጥኖ የሚመጣውንም ከደኅናው ጋር አትደባልቅም። ይህን ጠይቂያት። ደንግጣ ከተቆጣች ሌላ ቤት ሂጂ፣ ፈገግ ብላ ካሳየችሽ ግዢ።

“እሳት ካየው ምን ለየው” ሲሉ ትሰሚያለሽ። ለወጥ ይሠራ ይሆናል፣ ለአረቄ አይሠራም። ገንዘብ የቸኮለ ሻጭ ለኢንዱስትሪ የሚውል ሜታኖል ቢቀላቅልበት እሳቱ አያድነውም፣ ሎሚውና ማሩም አያረክሰውም። ጣዕሙና ሽታው ከደኅናው አልኮል አይለይም። በክብሪት ለኩሰው ነበልባሉ ሰማያዊ ከሆነ ደኅና ነው የሚሉትንም አትመኚ፤ ነበልባል ይህን አይለይም። መርዙ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ከግማሽ ቀን እስከ አንድ ቀን ዘግይቶ ነው። ሰውየው ስካሩ ለቆት ሳለ ሆዱን ያመዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ዓይኑ ይጋረድበታል። እንዲህ የሆነ ሰው ካየሽ ‘ሲነቃ ይሻለዋል’ ብለሽ አታስተኚው፤ በዚያው ሰዓት ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ውሰጂው። ሜታኖል ዓይን ያጠፋል፣ ሰውም ይገድላል። ምንጩን የማታውቂውን የጀሪካን አረቄ ከመግዛት መልሱ ያለ ሎሚ አረቄ ቢያልፍ ይሻላል።

አረቄው ከተገኘ የቀረው ቀላል ነው። ልጣጩን አፉ ሰፊ በሆነ የጠርሙስ ዕቃ ውስጥ ጨምሪ፣ አረቄውን አፍስሺበት፣ አጥብቀሽ ክደኚና ፀሐይ በማይደርስበት ቦታ አስቀምጪ። ፕላስቲክ ውስጥ እንዳታደርጊው፤ የሎሚ ዘይትና አልኮል ፕላስቲክ ይበላሉ። በየሁለት ቀኑ ወዝወዝ አድርጊው። ልጣጩ እየገረጣ፣ አረቄው እየቀለመ ሲሄድ ታይዋለሽ። ሦስት ሳምንት ሲሞላው ጠጅ እንደምታጠዪው በንጹሕ ጨርቅ አጥልዪው፤ ልጣጩን አትጭመቂው።

ከዚያ ማጣፈጥ ነው። ለእያንዳንዱ ሊትር 400 ግራም ስኳር በሩብ ሊትር ውኃ አፍልተሽ ፈጽሞ እስኪቀዘቅዝ ጠብቂና ቀላቅዪው። አረቄ እሳት አጠገብ አይቀርብም፤ እንፋሎቱ ከሰሉን ያገኘ እንደሆነ ቤት ያቃጥላል። በስኳር ፋንታ ግማሽ ኪሎ ንጹሕ ማር ብታደርጊ እኔ እመርጣለሁ፣ ለሎሚው ማር ይስማማዋል። ከዚህ በላይ ግን አትጨምሪ፤ ማርም ሲበዛ ይመራል። ውኃው ሲገባ መጠጡ ደፍረስ ቢል አትደንግጪ። ኡዞ ላይ ውኃ ስትጨምሪ ነጭ አይሆንም? ያው ነው፤ አልኮሉ ሲሳሳ የሟሟው ዘይት ተመልሶ ይወጣል። ተበላሸ ብለሽ እንዳትደፊው። አንድ ሳምንት ሲያርፍ አፍ ላይ የሚያቃጥለው ለስለስ ይላል።

አንዳንዶቹ ‘ይህ የጣሊያን ነገር ነው’ ይሉሻል። እውነት ነው፣ በደቡብ ጣሊያን በሶሬንቶና በአማልፊ በኩል ሊሞንቼሎ የሚባል አለ፣ አሠራሩም ከዚህ አይርቅም። ጣሊያኖች ጎንደርን ከ1928 ዓ.ም. ጀምሮ ይዘው እስከ ኅዳር 1934 ዓ.ም. ቆይተዋል፤ ፒያሳ የእነሱን ሕንፃ ታያለሽ። ነገር ግን አረቄ ላይ መዘፍዘፍ ለእኛ ቤት እንግዳ አይደለም፤ ለጉንፋን ብለው ነጭ ሽንኩርት የሚዘፈዝፉበት አረቄ በስንቱ ቤት አለ። አረቄው የእኛ፣ ሎሚው የጣና፣ ማሩ የአገሩ ሆኖ የማን ነው ብለሽ አትጨነቂ።

ስታቀርቢው በመለኪያ ይሁን፣ ከምግብ በኋላ። በብርጭቆ የሚቀዳ ነገር አይደለም። ጣፋጭነቱ ብርታቱን ይሸፍነዋል፤ ከተቀላቀለ በኋላም 30 በመቶ ገደማ አልኮል አለበት፣ ከጠጅ ብዙ እጥፍ ነው። ጠላ የለመደ ሰው እንደ ጠላ ከወሰደው ከወንበሩ አይነሳም። ለነፍሰ ጡርና ለልጅ አይሆንም፣ ከመልሱ ወጥቶ መኪና ለሚነዳም አይሆንም።

አንድ ነገር አደራ። እኛ እንግዳ ማክበር ሲገባን “በሞቴ” እንላለን፣ “አፈር ስሆን” እንላለን፣ ሰውየው እንቢ ሲል ክብራችን የተነካ ይመስለናል። ለእንጀራው በዪ፣ ለወጡ በዪ፣ ለዚህ ግን አትበዪ። መጠጥ ለመተው ከራሱ ጋር የሚታገል ሰው በየግብዣው አለ፣ ግንባሩ ላይ አልተጻፈበትም። አልፈልግም ያለ ሰው አንዴ ካለ በቃ፤ ብርዝ ወይም ቡና አቅርቢለትና እለፊ።

ጠርሙሱ ላይ ደግሞ የተዘፈዘፈበትን ቀን ጻፊበት። ምን ያህል ብርቱ እንደሆነ ከሥሩ ጨምሪ። እንግዳው ቀምሶ ‘ማን ሠራው?’ ሲልሽ ሎሚውን ከላጡት ልጆች ጋር አረቄውን ያወጣችውን ሴት በስሟ ጥሪያት፤ እሷን ያህል የደከመ የለም።