የድሀው በግና የሕፃኑ አሻንጉሊት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በእኛ በአቃቂ ቃሊቲ ብዙ እናቶች ማለዳ ተነሥተው ወደ ፋብሪካ ይሄዳሉ። ሕፃኑ ከአያቱ ወይም ከጎረቤት ዘንድ ይውላል። ከብጣሽ ጨርቅ ተሰፍታ ጥጥ የተጠቀጠቀባት በግ የእናቱን መመለሻ አብራው ትጠብቃለች። ሲበላ ያጎርሳታል፤ ሲተኛ ያቅፋታል። ይህ ሕፃን አሻንጉሊቱን ይዞ ወደ ሕፃናት ክፍላችን ሲመጣ ከመካከላችን «ጣዖት ሆነችበት፤ ትወሰድበት» የሚል አይጠፋም። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ይሁን እንጂ ሕፃኑ በቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚማረው የመጀመሪያ ትምህርት መነጠቅ እንዳይሆን ልናስብበት ይገባል።

ነቢዩ ናታን ለንጉሥ ዳዊት የነገረውን ምሳሌ እናስታውስ (2ኛ ሳሙ. 12፥1-7)። ድሀው ማዕዱን የሚያካፍላት፣ አቅፏት የሚያድር አንዲት በግ ነበረችው። ናታን «በግን እንደ ልጅ መውደድ ሞኝነት ነው» ብሎ ድሀውን አልዘለፈውም። የተፈረደው በነጠቀው ባለጠጋ ላይ ነው። ብዙ መንጋ ያለው ሰው የአንዲቱ ዋጋ አልታየውም። ብዙ ወዳጅና ብዙ ጨዋታ ያለን እኛ ወጣቶችም እንደ እርሱ እንዳንሆን እንጠንቀቅ።

ደግሞስ ጣዖት ማለት የሚመለክ ነው። ሕፃኑ ግን አሻንጉሊቱን አያመልካትም፤ ያለብሳታል፣ ያባብላታል፣ «አይዞሽ፣ እማዬ ትመጣለች» ይላታል። ከእናቱ የተቀበለውን ፍቅር መልሶ መስጠት የሚለማመደው በእርሷ ነው።

እንግሊዛዊው የሕፃናት ሐኪም ዶናልድ ዊኒኮት በ1953 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ፣ እንዲህ ያለው ዕቃ ሕፃኑ ከእናቱ እቅፍ ወደ ውጭው ዓለም ሲሻገር እንደሚያግዘው፣ ጊዜው ሲደርስም ያለ ኀዘን ቀስ በቀስ እንደሚተወው አስረድቷል። ሐዋርያው ጳውሎስም የልጅነትን ጠባይ የሻረው ጎልማሳ በሆነ ጊዜ መሆኑን ይነግረናል (1ኛ ቆሮ. 13፥11)። ራሱ ሻረው እንጂ ሌላ ሰው አልነጠቀውም።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ እንዲህ ያለ ሕፃን ሲመጣ የአሻንጉሊቱን ስም እንጠይቀው፤ ከጎኑም ትቀመጥ። ለጸሎት ስንቆም በራሱ እጅ እንዲያኖራት በፍቅር እናሳየው። ጌታችን ከታናናሾቹ አንዱን እንኳ እንዳንንቅ አስጠንቅቆናልና (ማቴ. 18፥10)።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።