ለጀልባ ጎታች መኪና የሚሆን ምክር

ልጄ፣ የላክህልኝን የፒክአፕ ፎቶ አየሁት። ቀለሙ ያምራል፣ ጎማው አዲስ ነው፣ ሻጩም የፈረስ ጉልበቱን ደጋግሞ ነግሮሃል። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታየው! ጀልባ ሲጎትት ሞተሩ የተሰበረ መኪና ያየሁት ጥቂት ነው። የሚያልቀው ከሞተሩና ከጎማው መሀል ያለው ነው፤ ካምቢዮው፣ ክሮቸራው፣ ዲፈረንሺያሉ፣ የኋላው ኩሽኔታ።

መጀመሪያ ክብደቱን ተረዳ። የጀልባ ሻጭ የሚጠራልህ ቁጥር ብዙ ጊዜ የባዶውን ጀልባ ነው። ተጎታቹ፣ ባትሪው፣ መልሕቁ፣ በበረዶ የተሞላው ሣጥን አልተቆጠረም። ቤንዚን ብቻውን በጋሎን 6 ፓውንድ ገደማ ይመዝናል፤ 40 ጋሎን ስትሞላ 240 ፓውንድ ጨመርክ ማለት ነው። ባለ ስድስት ሲሊንደሩ የ2005 ታኮማ የመጎተቻ ዕቃው ከፋብሪካ ከተሟላለት እስከ 6,500 ፓውንድ ይጎትታል፣ ካልተሟላለት 3,500። ከውጭ ስታያቸው ሁለቱም አንድ ናቸው። ከልዩነቶቹ አንዱ የካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣው ነው፤ እሱ ደግሞ ከፊት ተደብቆ ስለሚቀመጥ ጎንበስ ብለህ ካልፈለግኸው አይታይህም። ከኋላ መጎተቻ መንጠቆ አለው ብለህ አትመን፣ መንጠቆ ማንም ጋራዥ ያስርልሃል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። አንተ ከአሌክሳንድሪያ ተነስተህ ሜሪላንድ፣ ዲፕ ክሪክ ሐይቅ ድረስ ልትጎትት ነው። ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ 2,460 ጫማ ገደማ ላይ ነው፤ በ68 አውራ ጎዳና ስትወጣ ተራራ ካለፍህ በኋላ ሌላ ተራራ ይጠብቅሃል። በአውቶማቲክ መኪና የሞተሩን ኃይል ወደ ካምቢዮው የሚያሻግረው በቶርክ ኮንቨርተሩ ውስጥ የሚሽከረከር ዘይት ነው። ኮንቨርተሩ ተቆልፎ ሲሄድ ሙቀቱ ትንሽ ነው፤ ዳገት ላይ ሳይቆለፍ ሲጎትት ግን ዘይቱ እየተናጠ ይግላል። በዚያ ላይ ካምቢዮው ከአራት ወደ ሦስት፣ ከሦስት ወደ አራት እየተመላለሰ በዋለ ቁጥር ውስጡ ያሉት ፍሪሲዮኖች ይታሻሉ። በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ የጄኔራል ሞተርስ ፒክአፖች ላይ የነበረው ፎር ኤል ሲክስቲ ኢ የተባለው ካምቢዮ በዚህ ይታወቃል፤ ቀድሞ የሚያልቅበት የሦስተኛና የአራተኛ ማርሽ ፍሪሲዮኑ ነው። ስለዚህ ዳገቱ ሳይጀምር ኦቨርድራይቩን አጥፋና በሦስተኛ ውጣ። ሞተሩ ይጮሃል። ይጩህ! ባለቤትህ ምን ሆነ ብትልህ ደህና ነው በላት።

ዘይቱን በመለኪያው አውጥተህ አሽትተው። ቀይና ጥርት ያለ ከሆነ ደግ፣ ከጠቆረና የማረር ሽታ ካለው ፍሪሲዮኑ መቃጠል ጀምሯል። በአዳዲሶቹ ብዙዎቹ ላይ መለኪያ የለም፤ እነሱን መካኒክ ከታች ከፍቶ ያያቸዋል። ከ2005 እስከ 2010 የተሠራ ኒሳን ፍሮንቲየር ከቀረበልህ ደግሞ ዓይንህን ወደ ራዲያተሩ አዙር። በእነሱ ላይ ራዲያተሩ ውስጥ ያለው የካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣ እየተሰነጠቀ ውሃው ከዘይቱ ጋር ይቀላቀል ነበር። ባለቤቱ ካምቢዮው ተበላሸ ብሎ ካምቢዮ ያስቀይራል፣ ጥፋተኛው ራዲያተር ግን እዚያው ተቀምጧል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ።

ሐይቁ ዳር ስትደርስ ሌላ ፈተና አለ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል። ረጅም መንገድ የጎተተ ዲፈረንሺያል እንደ ጋለ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል። የመተንፈሻዋ ቱቦ ከተደፈነች ወይም ዝቅ ብላ ከተሰካች፣ የዘይት መከላከያ ጎማው ካረጀ ደግሞ በዚያ በኩል፣ ውሃ ወደ ውስጥ ይሳባል። ዘይቱ ማኪያቶ ይመስላል፤ ከዚያ በኋላ ኩሽኔታው ዝጎ ማልቀስ እስኪጀምር ማንም አያውቅም። ስለዚህ እንደደረስህ ወደ ኋላ አትንዳ። ገመድህን እያዘጋጀህ፣ ዕቃህን እያሰናዳህ ብረቱ ይብረድ። ቱቦዋን ወደ ላይ የሚያስረዝም ጋራዥ ብዙ ብር አይጠይቅህም። የተጎታቹ ጎማ ኩሽኔታም በዚሁ መንገድ ይጠፋል፤ ግራሱን በየወቅቱ አስቀይር።

መውረጃው ላይ መኪናውን ፒ ላይ አድርጎ መውረድ የብዙ ሰው ልማድ ነው። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም። መኪናና ጀልባ ተሸክማ የምትቆመው ካምቢዮው ውስጥ ያለች አንዲት ትንሽ የብረት ጥርስ ናት። እግርህን ፍሬኑ ላይ አድርገህ ማርሹን ፎሌ አድርግ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳብ፣ እግርህን አንስተህ ሸክሙ በእጅ ፍሬኑ ላይ ይረፍ፣ በመጨረሻ ፒ ውስጥ አስገባ። ጎማው ሥር ሽብልቅ ሳታደርግ ደግሞ አትውረድ።

ስትወጣ አልጌ የያዘው ኮንክሪት ያንሸራትታል። አንድ ጎማ ብቻ እየተሽከረከረ ጋዝ ከሰጠህ በዲፈረንሺያሉ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ማርሾች ይጎዳሉ፤ ጎማው ድንገት ደረቅ ሲይዝ ደግሞ ክሮቸራው ይመታል። አራቱን ጎማ በዝቅተኛው ማርሽ አስገብተህ ቀስ ብለህ ውጣ፣ ደረቁ ላይ እንደደረስህ ከመታጠፍህ በፊት አውጣው።

ነገ ሻጩ ጋ ስትሄድ የዲፈረንሺያሉን የዘይት መሙያ ብሎን ፊትህ ያስከፍት። አይሆንም ካለ ቁልፉን መልስለትና ውጣ። ጀልባውንም ቢሆን ባለ 22 ጫማውን ተውና ባለ 17ቱን ውሰድ፤ ለባለቤትህ እኔ እነግራታለሁ።