የመገቡንን እንመግብ፦ ስለ አረጋውያን ማዕድና ስለ ጾም



ንጉሥ ዳዊት ከገዛ ልጁ ከአቤሴሎም ሸሽቶ መሃናይም በደረሰ ጊዜ፣ እርሱም ሕዝቡም ተርበውና ደክመው ነበር። ያን ጊዜ ቤርዜሊ የሚባል የገለዓድ ሽማግሌ ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር ስንቅ ይዞ መጣ። ቅዱስ መጽሐፍ ስንቁን አንድ በአንድ ይቆጥረዋል፤ ስንዴና ገብስ፣ ዱቄትና ቆሎ፣ ባቄላና ምስር፣ ማርና ቅቤ፣ በግና አይብ (2ኛ ሳሙ. 17፥27-29)። ይህን የሚያነብ የላስታ ሰው የራሱን ጓዳ የሚያይ ይመስለዋል። ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ እስከ ላሊበላ ያለው ደጋ የሚያበቅለው እህል፣ የሚያረባው በግ፣ ከቀፎ የሚቆርጠው ማር ይኸው ነውና።

ታሪኩ ግን በዚህ አያበቃም። ጦርነቱ አልፎ ዳዊት ወደ ኢየሩሳሌም ሲመለስ ቤርዜሊ ሊሸኘው ዮርዳኖስ ወረደ። ንጉሡም ውለታውን አስቦ፣ አብሮት እንዲሄድና በኢየሩሳሌም እንዲጦረው ለመነው። ሽማግሌው ግን ዕድሜው 80 መድረሱን፣ የሚበላውና የሚጠጣው እንደማይጥመው ገልጦ፣ በንጉሡ ላይ ሸክም መሆንን እንደማይወድ ተናገረ (2ኛ ሳሙ. 19፥31-39)። ትናንት ብዙዎችን ያበላ ሰው ዛሬ የምግብ ጣዕም ጠፋበት፤ ከዚያም በላይ ሸክም መሆንን ፈራ። በየቤታችን ጥግ ተቀምጠው «አልራበኝም ልጄ፣ እናንተ ብሉ» የሚሉት እናቶቻችንና አባቶቻችንም የቤርዜሊን ነገር ይናገራሉ።

እነዚህ አረጋውያን እነማን ናቸው? በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ወሎን የመታውን ረኃብ በዓይናቸው ያዩ ናቸው። በዚያ ክፉ ቀን የመጨረሻዋን ጭብጥ እህል ለልጃቸው ሰጥተው፣ ራሳቸው ውኃ ጠጥተው ያደሩ አሉባቸው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነት ላስታ በደረሰ ጊዜም፣ ወጣቱ ሲሸሽ ቤት ጠብቀው የቀሩ ብዙ አረጋውያን ነበሩ። ከራስ ቀንሶ ለልጅ መስጠት ልማዳቸው ሆኖ ቀርቷል፤ ዛሬም ዕንቁላል ቢቀርብላቸው ለልጅ ልጃቸው ያጎርሱታል።

በአንድ ዐቢይ ጾም ሰባ ዓመት ያለፋቸውን እናት ልጠይቅ ገባሁ። የጣታቸው ቀለበት እንዳይወልቅ ክር ጠምጥመውበታል። «እማማ፣ ምን ሆነው ነው እንዲህ የከሱት?» ብላቸው፣ «ጾም ነው አባ» አሉኝ። ልጃቸውም ከጓዳ ሆኖ «እርሳቸውን በጾም ማን ይችላቸዋል!» አለ። እኔም ብርታታቸውን አመስግኜ ወጣሁ። ጾሙ ተፈታ፤ ክሳታቸው ግን አልተመለሰም። ለካ በጾሙም ሆነ በፍስኩ የሚቀርብላቸው በቀን አንድ ጊዜ፣ ያውም ጥርስ የሌለው ድድ የማይችለው ደረቅ እንጀራ ኖሯል። ልጁ ክፉ ሰው አልነበረም፤ እኔም ግድ የለሽ አልነበርሁም። «ጾም ነው» የሚለው ቃል የሁለታችንንም ዓይን ጋረደው።

ጌታችን የዘመኑን መምህራን የገሠጻቸው ስለዚህ ነበር። ሰው ንብረቱን ቁርባን ነው ብሎ ለእግዚአብሔር ካሰበው በኋላ፣ አባቱንና እናቱን ከመርዳት ነፃ እንደሆነ ያስተምሩ ነበርና (ማር. 7፥9-13)። እናት በረኃብ ስትመነምን «ጾሟ ነው» ብሎ ማለፍ የእኛ ቁርባን እንዳይሆን እንጠንቀቅ። ጾም ራስን መግዛት ነው፤ የሌላውን ሰው ረኃብ መሸፈኛ አይደለም።

ቤተ ክርስቲያንም በዚህ ነገር እናት ናት። በ1983 እ.ኤ.አ. የወጣው የላቲን ሥርዓት ሕገ ቀኖና (ቁጥር 1252) የጾምን ግዴታ ሰው 60ኛ ዓመቱን ሲጀምር ያነሣለታል። እኛ የግዕዝ ሥርዓት ልጆች የምንመራበት የ1990ው እ.ኤ.አ. የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖና ደግሞ ዝርዝሩን ለየቤተ ክርስቲያኑ ልዩ ሕግ ይተወዋል። ስለዚህ አረጋዊና ሕመምተኛ የቁምስናውን ካህን ይጠይቅ፤ ካህኑም ያለ ጥርጥር ያጽናናው። በተለይ የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው የጤና ባለሙያ ሳያማክር ከምግብና ከመድኃኒት ሰዓቱ አይውጣ።

ሰው ሲያረጅ የሚበላው ብዛት ይቀንሳል፤ ጡንቻን የሚጠግነው ፕሮቲን ግን ሊቀንስ አይገባውም። ለአረጋዊ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ቢያንስ 1 ግራም ያህል እንዲያገኝ ባለሙያዎች ይመክራሉ። ይህ ሲጎድል እግር ይዝላል፤ ቤተ ክርስቲያን ሳሚዋ እናትም በድንጋዩ ደረጃ ላይ ትወድቃለች። መቋሚያ ለእጅ እንደሚያስፈልግ ሁሉ ለአጥንትና ለጡንቻም ድጋፍ ያስፈልጋል።

ድጋፉም በጾም ቀን ሳይቀር በጓዳችን አለ። ከ100 ግራም ደረቅ ባቄላ ወይም ምስር 25 ግራም ያህል ፕሮቲን ይገኛል፤ የገብሱን ጉድለትም ባቄላው ይሞላዋል። ቆሎ ማኘክ ለተሳነው ገብሱ በሶ፣ ገንፎና አጥሚት ይሁንለት፤ ክኩ እስኪፈርስ ይብሰል፤ ጎመኑ ደቆ ይከተፍ፤ ተልባው ተቆልቶ ይወቀጥ። በአንድ ጊዜ ብዙ መብላት ላቃተው ጥቂት ጥቂቱን ደጋግሞ ማቅረብ ይበጃል። ጓያ ግን ለብዙ ሳምንታት ዋና ምግብ ከሆነ እግርን ያሽመደምዳልና ከእርሱ እንጠበቅ።

ፍስክ ሲሆን ወተትና ዕንቁላል ለአረጋውያን ቅድሚያ ይሰጥ። ለደምና ለነርቭ የሚያስፈልገው ቫይታሚን ቢ12 በእህልና በአትክልት አይገኝም፤ ያረጀ ሆድም ከምግብ ለይቶ ለማውጣት ይቸገራል። የጥም ስሜትም ከዕድሜ ጋር ይደክማል፤ ስለዚህ ውኃውን እስኪጠይቁ ሳንጠብቅ እናቅርብላቸው። ልባቸው ወይም ኩላሊታቸው የታመመ ከሆነ ግን መጠኑን ባለሙያ ይወስን። ጨውም በቀን ከአንድ የሻይ ማንኪያ፣ ማለትም ከ5 ግራም፣ ያነሰ ይሁን።

እናንተ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ አረጋዊን ስትጎበኙ ከጸሎት በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ትናንት ምን በሉ? ከማን ጋር በሉ? ማን አበሰለልዎ? መቀነታቸው ከላላ፣ ቀለበታቸው ከሰፋ፣ ለቤተሰቡም ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ንገሩ። ጎረቤት የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አማኝ ወይም ሙስሊም ቢሆን ልዩነት አታድርጉ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ የአያቶችና የአረጋውያን ቀን በየዓመቱ በሐምሌ እንዲታሰብ አድርገዋል፤ መጀመሪያ የተከበረውም ሐምሌ 18 ቀን 2013 ዓ.ም. ነበር። በዚያ ቀን በየቁምስናችን የጋራ ማዕድ ብናዘጋጅ መልካም ነው፤ ብቻውን ሲበላ ያልጣመው ምግብ ከሰው ጋር ይጥመዋልና።

ዳዊት በሞቱ ጊዜ ለሰሎሞን የተወውን አደራ አንርሳ። የቤርዜሊ ልጆች ከንጉሡ ማዕድ እንዲበሉ አዘዘ (1ኛ ነገ. 2፥7)። ንጉሥ በሞት አፋፍ ሆኖ ያልረሳውን ውለታ እኛ በሕይወት ሳለን እንዴት እንረሳለን? ዛሬ ማታ ማዕድ ሲቀርብ «አልራበኝም» የሚል ድምፅ ብንሰማ አንመን፤ አጠገባቸው ተቀምጠን፣ አለስልሰን፣ በእጃችን እናጉርሳቸው። በእነርሱ በኩል የመገበን አምላክ ማዕዳችንን ይባርክልን። አሜን።