«እንብላ» እና «በልቻለሁ»

በመሥሪያ ቤቶቻችን ከቀኑ 6፡30 ላይ የሚከፈተው ምሳ ዕቃ ከሆድ ጉዳይ ያለፈ ጥያቄ ይዞ የሚመጣ ይመስለኛል። ባለቤቱ ክዳኑን አንሥቶ ዙሪያውን እያየ «እንብላ» ይላል። ከጎኑ ያለው ደግሞ «ብሉ፣ እኔ በልቻለሁ» ብሎ ይመልሳል። ብዙውን ጊዜ ጋባዡ የሚጋብዘው እንቢታን ጠብቆ ነው፤ ተጋባዡም በልቻለሁ የሚለው ሳይበላ ነው። ለመሆኑ እነዚህ ሁለት ሰዎች እየተዋሹ ነውን?

ጀርመናዊው ፈላስፋ አማኑኤል ካንት ቢጠየቅ መልሱ አጭር ይሆን ነበር። በ1797 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ፣ ወዳጅን ከነፍሰ ገዳይ ለማዳን ሲባል እንኳ መዋሸት አይገባም ሲል ተሟግቷል። እንዲህ ላለ ሰው ስለ አንድ እንጀራ የተነገረ ሐሰት ይቅርታ የለውም። እኔ ግን ከመፍረዳችን በፊት ዕቃውን ራሱን እንመልከት እላለሁ።

አባቶቻችን ለመንገድ ስንቅ የሚይዙበት አገልግል ከሣር ተሰፍቶ በቆዳ የተለበጠ ነው። በውስጡ የሚነባበረው ፍትፍት የሚሰናዳው አብሮ የሚቀመጠውም መንገደኛ ታስቦ ነበር። ስለዚህ አገልግል ከፍቶ «እንብላ» ያለ ሰው የሚሰጠው አለው። ምሳ ዕቃ ግን ለአንድ ሰው የተለካ ነው፤ አንድ እንጀራና አንድ ጭልፋ ሽሮ። ብዙዎች ከቤት ቋጥረው የሚመጡትም ደመወዛቸው የምግብ ቤት ዋጋ ስለማይችል ነው። ዕቃው ጠበበ፤ ቃሉ ግን እንደነበረ ቀረ። ቢሆንም «እንብላ» ባይ ሐሰተኛ መሆኑ የሚለየው ተጋባዡ እጁን ታጥቦ ሲመጣ ነው። ያን ጊዜ ፈቀቅ ብሎ ቦታ ከሰጠ ግብዣው እውነት ነበር።

«በልቻለሁ» ይበልጥ ይከብዳል። በማለዳ ገብታ ቢሮ ስትወለውል ያረፈደች፣ ቦርሳዋ ውስጥ ግን ምንም ያልያዘች ሴት እንበል። በልቻለሁ ስትል ማንንም አልበደለችም፤ የጠበቀችው ክብሯን ነው። ዛሬ የቀመሰ ነገ ማስቀመስ እንዳለበት ታውቃለችና! «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» የሚለው ተረት ስስታሙን ይወቅሳል። ነገር ግን በስስት ሳይሆን በዕፍረት ከሕንፃው ጀርባ ብቻውን የሚበላ ሰው አለ፤ ተረቱ ሁለቱን አይለይም።

አንዳንድ ባልደረቦች ምሳቸውን ሁሉ በአንድ ትሪ ላይ ይገለብጣሉ። ያን ጊዜ የማን ወጥ የትኛው እንደሆነ ይጠፋል፤ ቆጠራም ይቀራል። እርግጥ ይህም ወሰን አለው። የክርስቲያንና የሙስሊም ሥጋ በአንድ ትሪ አይገናኝም፤ ባዶ እጁን የመጣም መታወቁ አይቀርም። የሚያስገርመው ግን ሁሉንም አንድ ላይ ማስቀመጥ የሚችለው ያው ብዙዎች የሚያፍሩበት ሽሮ መሆኑ ነው።

ስለዚህ ለካንት የምመልሰው ይህ ነው፦ እውነት የመናገር ግዴታ ካለ፣ እውነት ያለ ውርደት የሚነገርበትን ማዕድ የማዘጋጀት ግዴታም አለ። አፍን ሞልቶ ከሩቅ «እንብላ» ማለት ሌላውን «በልቻለሁ» እንዲል ማስገደድ ነው። ያ ሁለተኛው ግዴታ ደግሞ የሚወድቀው ባዶ እጁን በመጣው ላይ ሳይሆን ምሳ ዕቃው በሞላለት ላይ ነው።