ደግነት ብቻውን ይበቃልን?

በሞት አፋፍ ላይ ላለ ሕፃን የሚሰጠውን ሕክምና በዕጣ መወሰን ይገባልን? ጥያቄው ለጆሮ ይዘገንናል። ዕጣ ለመሬት፣ ለእቁብ፣ ቢበዛ ለራሽን ተራ ነው እንላለን እንጂ በነፍስ ላይ ይጣላል አንልም። ሆኖም በዚሁ በምሥራቅ አፍሪካ ተጥሎ ያውቃልና ከመራገማችን በፊት ነገሩን እንመርምረው።

ትኩሳት በርትቶበት፣ ራሱን ስቶ ወይም ትንፋሽ አጥሮት፣ እጅ እግሩም ቀዝቅዞ ለሚመጣ ሕፃን፣ እኛ በተለምዶ ጉሉኮስ የምንለውን ፈሳሽ በደም ሥር በችኮላና በብዛት መስጠት ለብዙ ዓመታት የሚመከር ደንብ ነበር። የደም ዝውውሩን መድከም ሐኪሞች ሾክ ይሉታል። ደንቡ የተለመደው ግን የመተንፈሻ መሣሪያና የተሟላ ክትትል ባለበት ሆስፒታል ነው። እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2011 በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ ስድስት ሆስፒታሎች ፊስት የተባለ ጥናት ሲካሄድ፣ 3,141 ሕፃናት በዕጣ በሦስት ተከፈሉ። ለአንደኛው ወገን የጨው ውሃ፣ ለሁለተኛው አልቡሚን የተባለ ፈሳሽ በችኮላ ተሰጠ፤ ሦስተኛው ቀስ ብሎ የሚንጠባጠበውን ብቻ አገኘ። ሌላው ሕክምና ለሁሉም አንድ ነበር። በ48 ሰዓት ውስጥ፣ በችኮላ ከተሰጣቸው ከመቶው 10.5 ያህሉ ሲሞቱ ከሦስተኛው ወገን የሞቱት 7.3 ነበሩ።

ይበልጥ የሚያስደነግጠው ሌላ ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሲታዩ፣ ከሾኩ የወጡት የሚበዙት ፈሳሹ በችኮላ ከተሰጣቸው መካከል ነበር። እናት ነርሷን የምትመርቅበት ሰዓት ማለት ነው። ዓይን ያየው እውነት ነበር፤ ግን ዓይን ከመቶ ሦስት አይቆጥርም። ነርሷ የሞቱባትን ታስታውስ ይሆናል፤ ባይሰጣቸው ኖሮ ይድኑ የነበሩትን ግን ከየት ታያቸዋለች? በእኛም ሙያ አርጩሜ ያን ያህል ዘመን የኖረው ገራፊው ሁሉ ክፉ ስለ ነበረ አይደለም፤ ለልጁ አሳቢ ስለ ነበረና ውጤቱን የሚቆጥር ስላልነበረ ነው።

ይህ ማለት ግን ፈሳሽ መርዝ ነው ማለት አይደለም፤ ማንም ጉሉኮሱን ነቅሎ እንዳይሄድ! በተቅማጥ የደረቁ ሕፃናት በጥናቱ አልገቡም፤ ለእነሱ ውሃ ሕይወት ነው። ይህንን ለዓለም ያሳየው እንደኛው ያለ የስደተኞች ሠፈር ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ከባንግላዴሽ ጦርነት የሸሹትን ሰዎች በሕንድ ቦንጋዎን ኮሌራ ሲፈጃቸው፣ ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ሲያልቅበት ጨውና ግሉኮስ በውሃ አስበጠበጠ፤ ዘመድ ለዘመዱ በኩባያ አጠጣ። ከመቶ ወደ 30 ይደርስ የነበረው ሞት ወደ 3.6 ወረደ። እዚያ ዕጣ አልተጣለም፣ አላስፈለገምም። ልዩነቱ የቀንና የሌሊት ያህል ሲሆን መቃብር ቆፋሪም ያውቀዋል።

ለምን በድሃ ልጅ ይሞከራል? የሚል አይጠፋም። ክርክሩ ከባድ ነው። ነገር ግን ያለ ዕጣ ሲሰጥ የኖረውም በድሃ ልጅ ላይ የተደረገ ሙከራ ነበር፤ መዝገብ የሌለው ሙከራ። ስለዚህ ማንም እርግጠኛውን በማያውቅበት ቦታ ዕጣው ከእርግጠኛ መሳይ እጅ ይልቅ ሐቀኛ ነው እንላለን።

እኛን የሚከነክነን ፈቃዱ ነው። ልጅዋ እያጣጣረ ወረቀት ማንበብ ለማትችል እናት፣ በጊዜው በቃል እሺታ ተጀምሮ የጽሑፉ ፈቃድ በኋላ እንዲጠየቅ ተደርጓል። በየወረቀቱ ጣታችንን ያስነኩን እኛ ይህን በቀላሉ አንውጠውም። የእሺታዋ ዋጋ የሚከፈለው ውጤቱ ቶሎ ሥራ ላይ ሲውል ነበር። ውጤቱ በ2011 ታተመ። የዓለም ጤና ድርጅት፣ የሾክ ምልክቶች ሁሉ ላልተሟሉባቸው እንዲህ ያሉ ሕፃናት ፈሳሽ በችኮላ እንዳይሰጥ የሚል የተሻሻለ መመሪያ ያወጣው በ2016 ነው። በመካከሉ ባለው አምስት ዓመት በየክሊኒኩ የተሰቀለውን ጉሉኮስ ማን ቆጠረው?